«አንተ ታሪክህን ንገረን፣ ሌላውን ለእኛ ተወው»

በ1842 አንድ ጥቁር ወጣት ማሳቹሴትስ ውስጥ ግራፍተን የምትባል ትንሽ ከተማ ብቻውን ደረሰ። (እዚህ የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) የመጣው ሊናገር ነው። የሚናገርበት ቦታ ግን አጣ። ቤተ ክርስቲያኑም፣ የከተማው አዳራሽም ተዘጋበት። ሆቴል ገብቶ የምግብ ሰዓት የሚደወልባትን ቃጭል ተዋሰ። ከዚያ በዋናው መንገድ እያቃጨለ፣ «ማስታወቂያ! በቅርቡ ባሪያ የነበረው ፍሬድሪክ ዳግላስ ዛሬ ማታ በአንድ ሰዓት በከተማው ሜዳ ላይ ስለ አሜሪካ ባርነት ይናገራል!» እያለ ዞረ። «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ማለት ብቻ ነው የቀረው። ሰው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ከዚያች ማታ በኋላ የከተማው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን በሩን ከፈተለት።

ትምህርት ቤት የተማርነው አጭር ነው። ባሪያዎቹን ነጻ ያወጣው አብርሃም ሊንከን ነው፣ አለቀ። የ1863ቱን አዋጅ የሚክድ የለም። የእርስ በርስ ጦርነቱንም እንደዚያው። ግን ያ ፊርማ ከመፈረሙ በፊት 30 ዓመት ያህል ከመንደር መንደር የተንከራተቱ ሰዎች ነበሩ። ሥራቸው ማውራት ነው። ደመወዛቸው የረባ አልነበረም። የበሰበሰ እንቁላልና ድንጋይ ግን አልጎደለባቸውም። የእነሱ ነገር ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው ድንጋዩ ነው። እኔ የሚገርመኝ ሌላ ነው። ከእነሱ መካከል ጥቁሮቹና ሴቶቹ ከጠላት ጋር ብቻ አልነበረም የሚታገሉት። «ወዳጅ» ከሚሏቸው ሰዎችም ጋር ነበር። ጉዳዩም አንድ ነው፦ ማን ነው ቁስሉን የሚናገር፣ ማንስ ነው የቁስሉን ትርጉም የሚናገር?

ከመነሻው እንጀምር። የአሜሪካ ፀረ ባርነት ማኅበር የተመሠረተው በ1833 መጨረሻ ፊላደልፊያ ላይ ነው። የዚያን ጊዜ ተስፋቸው ወረቀት ነበር። ጋዜጣና በራሪ ጽሑፍ እያተሙ ባርነት ወዳለበት ወደ ደቡብ በፖስታ ላኩ። በ1835 የቻርልስተን ሰዎች ፖስታ ቤት ሰብረው ገቡና ወረቀቱን አደባባይ ላይ አቃጠሉት። ደቡቡ በሩን ዘጋ ማለት ነው። ስለዚህ ማኅበሩ ገንዘቡን ወደ ሰው አዞረ። በ1836 ተዘዋዋሪ ተናጋሪዎችን መመልመል ጀመረና ቁጥራቸውን 70 ሊያደርስ ወሰነ። ለምን 70? ከሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ነው የወሰዱት፤ ጌታ ሁለት ሁለት አድርጎ የላካቸው፣ እኛ 72ቱ አርድእት የምንላቸው፣ በእነሱ መጽሐፍ ቅዱስ ግን 70 ናቸው። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ኒው ዮርክ ተሰብስበው ሥልጠና ወሰዱ።

አሠልጣኙ ቴዎዶር ዌልድ ይባላል። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ እንኳ ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ስሙ እንዲጻፍ አይፈልግም ነበር። በ1834 ሲንሲናቲ በሚገኘው ሌን ሴሚናሪ ተማሪ ሳለ ስለ ባርነት 18 ማታ የፈጀ ክርክር አስነሳ። ከተናጋሪዎቹ አንዱ ጄምስ ብራድሊ ነው፤ ራሱን ከባርነት በገንዘቡ የገዛ ተማሪ። የትምህርት ቤቱ ኃላፊዎች ክርክሩን ሲከለክሉ ተማሪው ተነቅሎ ወጣ።

የዌልድን አሠራር ትንሽ ላብራራው፣ ምክንያቱም ዋናው ብልሃት እዚህ ላይ ነው። ትልልቅ ከተማ አይወድም። ገጠሩ ካመነ ከተማው ይከተላል ባይ ነው። አንድ መንደር ሲገባ አንድ ቀን አውርቶ ውልቅ አይልም። ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። በየማታው ሁለት ሦስት ሰዓት ይናገራል። የመጀመሪያው ማታ ጩኸትና እንቁላል ነው። ኦሃዮ፣ ሰርክልቪል ላይ በመስኮት የተወረወረ ድንጋይ ጭንቅላቱን መታው። ዝም ብሎ ቆየ። ማዞሩ ሲተወው ንግግሩን ካቆመበት ቀጠለ። ሰው ሲቆይ ይለመዳል። ጥቂት ማታ ካለፈ በኋላ ሊረብሽ የመጣው ጎረምሳ ቁጭ ብሎ መስማት ይጀምራል። በመጨረሻው ማታ ዌልድ «ያመናችሁ ተነሱ» ይላል። የተነሱትን ሰብስቦ የመንደር ማኅበር ያቋቁማል። ለኮንግረስ የሚላክ አቤቱታም ይፈረማል። ከዚያ ወደሚቀጥለው መንደር።

በ1836 ድምፁ ተበላሸ። እንደ ድሮው መናገር አልቻለም። ያሠለጠናቸው ሰዎች ግን በየስቴቱ ተበተኑ። በ1838 ማኅበሩ ከ1,300 በላይ ቅርንጫፎች እንዳሉት ይናገር ነበር። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ፊርማ ወደ ዋሽንግተን ጎረፈ። ኮንግረስ ምን አደረገ? አቤቱታዎቹ ሳይነበቡ እንዲቀመጡ ደንብ አወጣ። ደንቡ ከ1836 እስከ 1844 ጸና። ስለ ባርነት ግድ ያልነበረው የሰሜን ገበሬ ሳይቀር «የእኔ ፊርማ ለምን አይነበብም?» ብሎ ተቆጣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ረብሻው ሁሉ የቦዘኔ ሥራ አልነበረም። ቦስተንንና ሌሎችን ከተሞች ያመሰው ረብሻ ውስጥ ኮት የለበሱ ነጋዴዎችና ጠበቆችም ነበሩበት። የሰሜን ፋብሪካ የሚፈትለው የደቡብን ጥጥ ነው። የሰሜን ባንክ የሚያበድረው ለደቡብ እርሻ ነው። በ1835 ቦስተን ውስጥ እንግሊዛዊውን ተናጋሪ ጆርጅ ቶምሰንን ፈልጎ የወጣው ሕዝብ እሱን ሲያጣ የጋዜጣ አዘጋጁን ዊሊያም ሎይድ ጋሪሰንን በገመድ አስሮ በጎዳና ጎተተው። ተናጋሪው የሚነካው የሰው ስሜት ብቻ ሳይሆን የሰው ኪስም ነበር።

ወደ ሴቶቹ ስንመጣ ነገሩ ይከርራል። ሣራና አንጀሊና ግሪምኬ የቻርልስተን ዳኛ ልጆች ናቸው። ቤታቸው ባሪያ ሞልቶ ነው ያደጉት። ያዩትን አይተው፣ ቤቱን ጥለው ወደ ሰሜን ሄዱ። የኒው ዮርኩን ሥልጠና የተከታተሉት ሴቶች እነሱ ብቻ ነበሩ። በ1837 ማሳቹሴትስን ሲዞሩ መጀመሪያ የሚናገሩት ለሴቶች ነበር። ወንዶቹ ከኋላ በር እየሾለኩ ገቡ። ብዙም ሳይቆይ አዳራሹ ተቀላቀለ። ይሄኔ የማሳቹሴትስ ቀሳውስት ደብዳቤ አወጡ። ሴት እንደ ወይን ሐረግ ናት አሉ፤ ውበቷ በድጋፍ ላይ ስትደገፍ ነው፤ ለብቻዬ ልቁም ካለች አፈር ላይ ትወድቃለች። ልብ በሉ፣ ከቀሳውስቱ ብዙዎቹ ባርነትን አንደግፍም የሚሉ ናቸው።

አንጀሊና መልስ የሰጠችው በሥራ ነው። በየካቲት 1838 በማሳቹሴትስ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቆማ ተናገረች። አሜሪካ ውስጥ ከእሷ በፊት ይህን ያደረገች ሴት የለችም። በግንቦት 14 ዌልድን አገባች። በ16ኛው ማታ ፊላደልፊያ ላይ አዲስ በተሠራው ፔንሲልቬንያ አዳራሽ ንግግር አደረገች። ውጭ የተሰበሰበው ሕዝብ መስኮቱን በድንጋይ ያደቀዋል፣ እሷ ትቀጥላለች። በ17ኛው ማታ አዳራሹን አቃጠሉት። ከተከፈተ ገና አራተኛ ቀኑ ነበር።

በዚያው አዳራሽ፣ በ16ኛው ማታ፣ አቢ ኬሊ የምትባል የኩዌከር (አንድ የፕሮቴስታንት ወገን ነው) አስተማሪም ተናገረች። ወንድና ሴት ለተቀላቀለበት ጉባኤ ስትናገር ለእሷ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው። ከዚያ በኋላ ለዓመታት መንገድ ላይ ኖረች። ኮነቲከት ውስጥ አንድ ቄስ ከመድረኩ ላይ ሆኖ ኤልዛቤል ብሎ ሰደባት። በ1840 አንድ ኮሚቴ ውስጥ ስትመረጥ ማኅበሩ ለሁለት ተሰነጠቀ። ባርነትን አብረው የሚዋጉ ሰዎች ናቸው እኮ አንዲት ሴት ኮሚቴ ውስጥ ገባች ብለው የተለያዩት!

አሁን ወደ ዳግላስ ልመለስ። በ1838 ከባልቲሞር አመለጠ። በነሐሴ 1841 ናንታኬት ደሴት ላይ እየተንቀጠቀጠ ቆሞ ተናገረ። የማሳቹሴትስ ፀረ ባርነት ማኅበር ወዲያው ቀጠረው። መጀመሪያ የሰጡት ሥራ ከአንድ ነጭ ባልደረባ ጋር እየዞረ መናገርና ለጋዜጣ ደንበኛ መሰብሰብ ነበር። ባቡር ላይ ከነጮች ሠረገላ አልወጣም ብሎ ወንበሩን አቅፎ ያዘ፤ ሲጎትቱት ወንበሩም ተነቅሎ አብሮ ወጣ። በ1843 ኢንዲያና፣ ፔንድልተን ላይ ረብሸኞች ደብድበው ቀኝ እጁን ሰበሩት። አጥንቱ በደንብ ስላልተጠገነ እጁ እስከ ዕድሜው መጨረሻ የድሮ ጉልበቱን አላገኘም።

ይህን ሁሉ ብዙ ሰው ጽፎታል። እኔን የሚያንገበግበኝ ከመድረኩ ጀርባ የሆነው ነው። አለቃው ጆን ኮሊንስ ለሕዝቡ ሲያስተዋውቀው «ዲፕሎማው ጀርባው ላይ የተጻፈ ምሩቅ» ይለው ነበር። የጅራፉን ጠባሳ ማለቱ ነው። ሰው ይስቃል፣ ያጨበጭባል። ዳግላስ ወጥቶ እንዴት እንደተገረፈ፣ እንዴት እንደተራበ ይናገራል። በሚቀጥለው ከተማም ያንኑ። ከዚያም ያንኑ። ወራት አለፉ። ሰውየው ያነባል፣ ያስባል። የደረሰበትን ግፍ መዘርዘር ብቻ አላረካውም። ሥርዓቱን መተቸት፣ መክሰስ አማረው። ይሄኔ ጋሪሰን «ታሪክህን ንገር፣ ፍሬድሪክ» እያለ ያንሾካሹክለት ጀመር። ኮሊንስም «አንተ የሆነውን ንገረን፣ ፍልስፍናውን ለእኛ ተወው» አለው። ይባስ ብለው «የእርሻ ቦታውን አነጋገር ትንሽ ጣል አድርግበት፣ በጣም የተማርክ መምሰል ጥሩ አይደለም» ብለው መከሩት።

ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ጋሪሰን ለዚህ ነገር ሕይወቱን የሰጠ ሰው ነው። ስሌታቸውም ጨርሶ ሞኝነት አልነበረም፤ ሕዝቡ «እንዲህ የሚናገር ሰው ባሪያ ሆኖ አያውቅም» እያለ መጠርጠር ጀምሮ ነበር። ግን ስሌቱ ምን እንደሚል እንየው። ጥቁሩ ማስረጃ ነው፣ ነጩ ጠበቃ። ጥቁሩ ያስለቅሳል፣ ነጩ ያስረዳል። ባርነትን ለመቃወም የቆመ መድረክ የባርነትን የሥራ ክፍፍል በጨዋ መንገድ ይዞት ዘለቀ። እውነቱን ለመናገር፣ ከፔንድልተኑ ዱላ ይልቅ ይሄኛው ይከብደኛል። ዱላውን የሚይዘው ጠላት ነው፤ ታውቀዋለህ።

ዳግላስ እንቢ አለ። መጀመሪያ ጥርጣሬውን ለመዝጋት በ1845 የሕይወት ታሪኩን አሳተመ። የጌታውን ስም፣ ቦታውን፣ ሁሉንም ዘርዝሮ ጻፈ። ያ ማለት አሳዳጆቹ የት እንዳለ አወቁ ማለት ነው። ስለዚህ ወደ አየርላንድና ብሪታኒያ ተሻገረ። በየከተማው ሲናገር ወደ ሁለት ዓመት ቆየ። እዚያ ያፈራቸው ወዳጆች ገንዘብ አዋጥተው ነጻነቱን በ150 ፓውንድ ገዙለት። ሲመለስ የራሴን ጋዜጣ ላውጣ አለ። የቦስተን ወዳጆቹ አልወደዱትም። እሱ ግን ወደ ሮቸስተር ሄዶ በ1847 መጨረሻ ጋዜጣውን አወጣ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ከጋሪሰን ጋር ተቆራረጡ።

የሶጆርነር ትሩዝ ነገር ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ኒው ዮርክ ስቴት ውስጥ በባርነት ተወልዳ አፍ የፈታችው በደች ቋንቋ ነው። ማንበብና መጻፍ አታውቅም። በ1843 ስሟን ቀይራ መንገድ ጀመረች። በ1851 አክሮን፣ ኦሃዮ ላይ ያደረገችው ንግግር ዛሬ በዓለም ታዋቂ ነው። የሚገርመው፣ ሁሉም የሚጠቅሰው ጽሑፍ ከ12 ዓመት በኋላ አንዲት ነጭ ሴት ያወጣችው መሆኑ ነው። ያውም በደቡብ ባሪያዎች አነጋገር አስመስላ! ከንግግሩ በኋላ ወር ሳይሞላ ጋዜጣ ላይ የወጣው ዘገባ ሌላ ነው፤ ያ ዝነኛ ጥያቄ «እኔስ ሴት አይደለሁም?» እዚያ ውስጥ የለም። ዳግላስ ላይ ሞክረው ያቃታቸውን የእርሻ ቦታ አነጋገር እሷ ላይ በወረቀት ጫኑባት።

መድረክ ላይ ሆና ግን ማንም አልቻላትም። በ1858 ኢንዲያና ውስጥ ተቃዋሚዎች «ይቺ ወንድ ናት፣ ትመርመር» ብለው ተነሱ። ጡቷን ገልጣ አሳየቻቸው። ስንት ነጭ ሕፃን በዚህ ጡት ጠብቷል፣ ኀፍረቱ የእናንተ እንጂ የእኔ አይደለም አለቻቸው። በኋላ ፎቶዋን እየሸጠች ነበር የምትኖረው። ከፎቶው ሥር «አካሌን ለማኖር ጥላዬን እሸጣለሁ» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። ቢያንስ በዚህ ምስሏን ራሷ ያዘችው፣ ዋጋውንም ራሷ አወጣች።

ዳግላስ ይህን ትግል የጀመረው የመጀመሪያው ሰውም አልነበረም። ማኅበሩ ሳይመሠረት፣ በ1832፣ ማሪያ ስቱዋርት የምትባል ጥቁር ሴት ቦስተን ላይ ወንድና ሴት በተቀላቀለበት ጉባኤ ፊት ቆማ ነበር። ይቺ ሴት ነጻ ሆና የተወለደች ናት። የምታሳየው የጅራፍ ጠባሳ የላትም፤ የምታቀርበው ሐሳቧን ነው። ስለ ትምህርት፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ጥቁር ሴቶች ዕድል ተናገረች። «ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውን የመዝሙር ቃል እየጠቀሰች። ያን ዘመን የጥቁር አሜሪካውያን መድረክ ላይ ይህ ጥቅስ የማይነሳበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ኢትዮጵያ ሲሉ መላውን ጥቁር ሕዝብ ማለታቸው ነው። እኛ ይህን ስንሰማ ደረታችን ይነፋል። ይንፋ። ግን በዚያው ዘመን እዚህ አገር ሰው ይሸጥና ይለወጥ እንደነበር መርሳት የለብንም። እኛ ዘንድ ነገሩ የተዘጋው በአዋጅ፣ ከላይ ወደ ታች፣ በመጨረሻም በ1942 ነው። እንደ ዌልድ መንደር ለመንደር ዞሮ «ያመናችሁ ተነሱ» ያለ ሰው አናስታውስም። ስለ ባርነት ዛሬም ጮክ ብለን ማውራት የሚከብደን አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ስቱዋርት ብዙ አልቆየችም። ከራሷ ሰዎችም ጭምር ተቃውሞ በዛባትና በ1833 ተሰናብታ ቦስተንን ለቀቀች።

ጦርነቱ በ1865 ሲያበቃ ማኅበሩ ውስጥ አንድ የመጨረሻ ጸብ ተነሳ። ጋሪሰን «ሥራችን አልቋል፣ ማኅበሩን እንዝጋው» አለ። ዳግላስ ተቃወመ፤ ጥቁሩ ሰው የመምረጥ መብት እስኪያገኝ ድረስ ባርነት አልጠፋም አለ። አቢ ኬሊም ከተቃዋሚዎቹ ጋር ቆመች። ድምፅ ሲሰጥ ጋሪሰን ተሸነፈ። ማኅበሩ የመምረጥ መብቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ እስኪገባ፣ እስከ 1870 ቀጠለ። ማን ልክ እንደነበረ ለማወቅ ከዚያ በኋላ የመጣውን የመቶ ዓመት መድልዎ ማየት ይበቃል።

መንገዱም አልቆመም። ባልቲሞር የተወለደችው ገጣሚ ፍራንሲስ ሃርፐር ከ1854 ጀምሮ ለፀረ ባርነት ማኅበራት ስትዞር የኖረች ናት። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ወደ ደቡብ ወረደች። ከባርነት ገና በወጡት ሰዎች መካከል፣ በየቤታቸው እያደረች ዞረች። ንግግሯን የሰሙ አንዳንዶቹ «ወንድ ናት» ይላሉ፣ ሌሎቹ «ጥቁር አይደለችም፣ ቀለም ተቀብታ ነው» ይላሉ። እሷ ይህን ለወዳጇ በደብዳቤ እየጻፈች ትስቅ ነበር። አንዳንድ ቀን ሁለት ጊዜ ትናገራለች። አንዱ ለሴቶች ብቻ ነው። ለእሱ ገንዘብ አትቀበልም፣ መዋጮም አታስዞርም።